ብርዙ ፈልቷል ወይ?

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እንደ «ፈላ» ያንገላታኝ የለም። ውሃም ይፈላል፣ ጠጅም ይፈላል፣ የተቆጣ ሰው ደምም ይፈላል። አንዱ እሳት ይፈልጋል፣ አንዱ ጌሾ ይፈልጋል፣ አንዱ ደግሞ እንደኔ ያለ አማች ይፈልጋል። እኔ በሦስቱ መሐል ገብቼ የተጠበስኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ቃል በክፉ ባነሳው አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገራችሁ። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። ገብቼ ነበር አልኩ እንጂ ጨረስኩ አላልኩም። ቅኔ ማለት ላይ ላዩን አንድ ነገር እየተናገሩ ከሥሩ ሌላ መቅበር ነው፤ ላይኛው ሰም ይባላል፣ የተቀበረው ወርቅ። ተማሪው ጥሩ አድርጎ የዘረፈ እንደሆነ አድማጩ «ይበል» ይለዋል። እኔ የዘረፍኩ ቀን ግን አድማጩ ያስላል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው ነጠላውን ያስተካክላል። የኔታ አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ ሰሙን አየሁት፤ ወርቁን የት አደረግኸው?» አሉኝ። የት እንዳደረግሁት እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሚስቴ ጥሩወርቅ ናት፤ ስለዚህ ወርቅ የሚባል ነገር አላገኘም አትበሉኝ። ሁለተኛው በሰው ንግግር ሁሉ ውስጥ የተቀበረ ነገር የመፈለግ አባዜ ነው። ሰው «እንደምን አደርክ» ያለኝ እንደሆነ ምን ማለቱ ይሆን እያልኩ እስከ ምሳ እቆዝማለሁ።

የጥሩወርቅ አባት ግራዝማች አስረስ ቅኔውን ከነአገባቡ የጨረሱ ናቸው። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ውዳሴ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። የሚያወድሱት ፍጡር ቢኖር ግራጫ በቅሏቸውን ነው። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ስትሆን «በእግሯ አትሂድ» ብለው ያችን በቅሎ እኛ ወደምንኖርበት ደብረ ማርቆስ ላኩልን። ጥሩወርቅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አማቴም «ለክርስትናው እመጣለሁ፤ ስመለስ በቅሎዬን ይዤ ነው» ብለው መልእክት ሰደዱ።

እንግዲህ ዘመኑ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ከተማው ውስጥ ገብቶ ጉብታው ላይ ካምፑን ተክሏል፤ ገጠሩ የአርበኞች ነው። መሐል ያለነው ሰዎች በአንገታችን ለአንዱ እጅ እየነሳን በልባችን ለሌላው እንጸልይ ነበር። አስተዋይ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለውን ይደብቃል። እኔ በገበያ ቀን በቅሎዋን ጭኜ ወጣሁ። የምገዛው ጨው ነበር፣ በእጄ ይዤው የምመለሰው። ግን የግራዝማች በቅሎ ደጄ ላይ ታስራ እያየሁ በእግሬ ልሂድ? ጋቢዬን አጣፍቼ፣ አገጬን ወደ ላይ አድርጌ በገበያው መሐል አለፍኩ። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር፤ ጣሊያኖቹም አዩኝ። ለካምፑ በቅሎ እየለቀሙ ነበርና ኮርቻውን አወረዱ፣ እኔንም አብረው አወረዱኝ።

ኮርቻ ተሸክሜ ቤቴ ስደርስ ጥሩወርቅ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«በቅሎዋስ?» አለች።

«ካምፕ ናት።»

«አንተስ ለምን መጣህ?» አለችኝ።

አማቴ ቢመጡና በቅሏቸውን ቢያጡ ከልጃቸው ጋር የሚኖረኝ ኑሮ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከደጀን በኩል ከአባይ አፋፍ የመጣ ነጭ ማር ነበረንና እሱን በጠብጣ ብርዝ ሠራችልኝ። በቅል ሞላሁና ልለምን ወደ ካምፑ ወጣሁ።

በቅሎዋ ከጭነት ተርፋለች፤ የካምፑ ሐኪም ለራሱ መቀመጫ መርጧታል። ሐኪሙ ቀጭን፣ ፊቱ የወየበ፣ ሆዱን የሚያመው ሰውዬ ነው። ከአገሩ ገና መምጣቱ ስለሆነ የእኛን ነገር ሁሉ ይፈራል። ውሃውን ይቀቅላል፣ ማንኪያውን ይቀቅላል፣ ሸሚዙን ይቀቅላል፤ ከተማው ውስጥ ቀጥሎ እኛን ይቀቅለናል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ብርዙን ሳቀርብለት አልቀመሰውም። ጠብታ መስተዋት ላይ ጣል አደረገና ከአንድ የነሐስ ቱቦ ሥር ከተተው፤ ከዚያም እኔ እንድመለከት አዘዘኝ።

«ምን ታያለህ?» አለኝ አስተርጓሚው። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ፊቱ የማይስቅ ሰው ነው።

«ጌታው፣ ጥቁር ጥቁር ጅራት ይርገበገባል። ሰይጣን ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

«እሱ የራስህ ሽፋሽፍት ነው። ጠጋ ብለህ እይ።»

ጠጋ አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ክብ ክብ ነገሮች አየሁ፤ አንዳንዶቹ በጎናቸው ልጅ ያዘሉ ይመስላሉ። በሕይወቴ ስጠጣው የኖርኩት ብርዝ ለካ ባለትዳርና ባለልጅ ነው።

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አሳጠረው። «ይህ ጥሬ ነው ይላሉ። ጥሬ ነገር ውስጥ በዓይን የማይታይ አውሬ አለ። ፈልቶ ይምጣልኝ። ፈልቶ ያመጣህላቸው እንደሆነ በቅሎህን ይመልሱልሃል።»

ከጉብታው ስወርድ ያ አባዜዬ ተነሳብኝ። ፈልቶ ይምጣ። ይህን የሚያህል ትልቅ ሐኪም፣ እሳት ሞልቶት፣ ሸሚዝ እንኳ የሚቀቅል ሰው፣ እኔን ብርዝ አሙቅልኝ ይለኛል? የለም። ሰሙ እሳት ነው፤ ወርቁ ጌሾ ነው። ሰውዬው ጠጅ አምሮት በአስተርጓሚው ፊት ማፈሩ ነው።

«ጠጅ ነው የፈለገው» አልኳት ጥሩወርቅን።

«እንደዚያ አለህ?»

«አላለኝም። ለዚህ ነው ያወቅሁት።»

ጥሩወርቅ አየት አደረገችኝ። ለበቅሎዋ የማትጥለው ጠጅ አልነበረምና ጌሾውን አብዝታ ጣለችው። ጠጁ ፈላ፣ ገነፈለ፣ የጋኑን ክዳን ገፍቶ ጣለ። በእንስራ ሞልቼ ካምፕ አደረስኩ።

«ፈልቷል ወይ?» አለ አስተርጓሚው።

«እስኪገነፍል ፈልቷል» አልኩ። ሐኪሙ ያን ሲሰማ ቱቦውን እንኳ አልነካም። አንድ ዋንጫ ጠጣ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ሁለተኛ ጠጣ። ጥሩ መድኃኒት መሆኑን ከሆዱ አረጋገጠና ለበሽተኞቹ ሁሉ እንዲታደል አዘዘ። ከበሽተኞቹ የተረፈው ለዘበኞቹ ተሰጠ።

ጥቂት ቆይቶ የበሽተኞቹ ድንኳን ዘፈን በዘፈን ሆነ። ወባ የያዘው ወታደር የድንኳኑን ምሰሶ አቅፎ እናቱን ይጠራል። እግሩ በፋሻ የታሰረው በአንድ እግሩ ይደንሳል። ዘበኞቹ አብዛኞቹ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ፤ አስካሪ ነው የሚባሉት። እንግዲህ አስካሪ ሰክሮ ማየት ለእንደኔ ያለ የቃል ወዳጅ ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ገምቱ። በር ላይ ተዘርግተው ያንኮራፋሉ። ሐኪሙ ግንባሩን ቱቦው ላይ አስደግፎ ተኝቷል። በሩ ወለል ብሏል። በቅሎዋ በላላ ገመድ ታስራ ቆማለች።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አስተርጓሚው ዋንጫ ይዞ እየተንገዳገደ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሐኪሙ እስኪነሱ ነው። ቃል ገብተውልኛል። ሳይነግሩኝ ብወስዳት ሌባ እባላለሁ።»

በቅሎዬን የቀሙኝ ሰዎች ሌባ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው እንግዲህ። አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝ፤ ሊስቅ ነው ስል ዓይኑ እንባ ሞላ። ሄዶ ተኛ።

ሐኪሙ ሲነሳ ራሱን ይዞ ነው የተነሳ። መጀመሪያ አስተርጓሚውን በጥፊ አለው፣ ቃሉን አበላሽተሃል ብሎ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ በኋላ በምልክት ሆነ፤ እንጨት አሳየኝ፣ ክብሪት አሳየኝ፣ በእጁ እንፋሎት ሠራ። እኔም ጉንጬን ይዤ፣ ወርቅ የሌለው ንግግር በዓለም ላይ መኖሩን የዚያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በዘበኛ ሆነ። አንድ አስካሪ ቤታችን መጣና እሳቱ ዳር ተቀመጠ። በቤት ያለን ማር በሙሉ ተበጠበጠ፤ ለካምፑም ለክርስትናው ጠጅም የተሰናዳው ሁሉ፣ ልዩነት የለም፣ በፊቱ በድስት በድስት እየተንተከተከ ተቀቀለ። ከፊሉን ለካምፑ በእንስራ ቀዳን። የቀረውን ጥሩወርቅ ጋን ውስጥ መልሳ ጌሾ ጨምራ ከደነችው።

ሐኪሙ ብርዙን በቱቦው አይቶ ፊቱ በራ። ልጅ ያዘሉት ሁሉ አልቀዋል። በቅሎዬን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ግን ሌላ ነገር መጣ። ያ ካልተቀቀለ ማር የተጣለው ጠጅ ለሆዱ ተስማምቶት ነበር፤ ይህ የተቀቀለው ሆዱን እንደ ድንጋይ አደረቀው።

«ማር ውስጥ ሁለት ነገር አለ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። ከጥፊው ወዲህ ቃሉን አንድ በአንድ እየመዘነ ነው የሚናገረው። «አንዱ ሕይወት ያለው አውሬ ነው፣ የሚያሳምመው። ሌላው ሕይወት የለውም፣ ግን ሥራ ይሠራል፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ እህሉን የሚፈጭ ኃይል ነው። እሳት ሲበዛ ሁለቱንም ያጠፋል። አውሬውን ገድሎ ሠራተኛውን የሚተው እሳት አንድድ ተብለሃል።»

ወዳጅና ጠላት ለይቶ የሚያቃጥል እሳት። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ እሳት ካለ፣ በዚያ ሰሞን ገጠሩ ላይ በለኮሱት አላየነውም። ይህን ግን በሆዴ ነው ያልኩት፤ ጉንጬ ገና አልሻረም ነበር።

ሐኪሙ ለአስካሪው የብርጭቆ ዘንግ ሰጠው፤ ውስጡ የብር ክር የመሰለ ነገር አለ፣ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲበርድ ይወርዳል። ክሩ ምልክቱ ላይ ደርሶ ይቁም፣ አይለፍ፣ አይውረድ። ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ምን ሆነ መሰላችሁ? አስካሪው «ወጣ» ሲለኝ እንጨት እስባለሁ፤ «ወረደ» ሲለኝ በሆዴ ተኝቼ እፍ እላለሁ። ጢሱ ዓይኔን አጠፋው፣ ቅንድቤን ነበልባል ላሰኝ። በዝግታ ብዙ ሰዓት ያሞቅሁት ቀን ሐኪሙ «ዛሬ ሠራተኞቹ አሉ» ብሎ ይደሰታል። አስካሪው አንቀላፍቶ ብርዙ የተንተከተከ ቀን «ሠራተኞቼን ፈጀሃቸው» ብሎ ይቆጣኛል። ማር ሲያልቅ ከጎረቤት ተበደርኩ። በቅሎዋን ስጠይቅ «ሆዴ ይሻለኝ»፤ ሲሻለው ደግሞ «ቢመለስብኝስ»። እሷ ገብስ እየበላች ወፍራ ቆዳዋ ያብረቀርቃል። አንድ ቀን ስጠራት ዞር ብላም አላየችኝ፤ ያኔ ነው ከልቤ ያዘንኩት።

በዚህ መሐል አማቴ ከደብረ ወርቅ ደረሱ።

ጥሩወርቅ እግራቸውን አጠበች። እኔ ከጋኑ ጠጅ ቀድቼ አቀረብኩ። አፋቸው ውስጥ ያዝ አደረጉት፣ ዋጡት፣ ብርሌውን አስቀመጡት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጠጅ ነው ግራዝማች። የክርስትናው።»

«ይህ ሞቷል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጌሾው ገብቶበት ስንት ጊዜ፣ ጋኑ ጭጭ። አረፋ የለ፣ ድምፅ የለ፤ መራራ ስኳር ሆኖ ተቀምጧል። ለካ ድግሳችንን ሁሉ ሲያደምቁልን የኖሩት እነዚያ ልጅ ያዘሉት ናቸው። ሠርጌ ላይ ያዘፈኑኝ እነሱ፣ እኔ በገዛ እሳቴ ጨረስኳቸው። ይህን ለአማቴ ሳስረዳ ቱቦውን ነካሁ፤ ቱቦውን ስነካ ሐኪሙ መጣ፤ ሐኪሙ ሲመጣ በቅሎዋ መጣች። ደማቸው ሲፈላ በግንባራቸው ሥር ላይ አየሁት። ጥሩወርቅ ሕፃኑን አንስታ እቅፋቸው ላይ አኖረች። ሕፃኑ ባይኖር ኖሮ ዱላቸው ጀርባዬ ላይ ባረፈ ነበር።

ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ጣሊያኖቹ የሰከሩ ቀን በሩ ክፍት ነበር?»

«አዎ ግራዝማች።»

«ዘበኞቹስ?»

«ተኝተው።»

«በቅሎዬስ?»

«በላላ ገመድ።»

«አንተስ?»

«ሐኪሙ እስኪነሱ እየጠበቅሁ ነበር።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና «ለዚህ ነው የሰጠሁሽ?» አሏት።

ተነስተው ከቤታቸው ያመጡትን የጠጅ ቅል አነሱ። ላዩን ለእኛ ቀዱልን፤ ሥሩ ላይ የቀረውን ድፍርስ አምቡላ ግን ወስደው ያ የሞተው ጋን ውስጥ ደፉትና ከደኑት። በማግስቱ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አስጠግተው አዳመጡ፣ እኔንም ጠሩኝ። ውስጡ አንድ ነገር ይንሾካሾካል። ባለልጆቹ ከደብረ ወርቅ መጥተው ሰፍረውበታል። ሰንበት ሲያልፍ ጋኑ ክዳኑን ማንሳት ጀመረ።

ወዲያው ደግሞ ካምፑ የበዓል ድግስ አለብኝ ብሎ ብርዝ በብዛት አዘዘ። አስካሪው መጣ፤ ለዚህ ሁሉ ዘንግ ይዞ እሳት ዳር መዋል ታከተው።

«ያኛው ጋን በፊቴ የፈላው አይደለም?» አለ።

«በፊትህ ነው የፈላው» አልኩት። ውሸት አለበት? የለበትም።

ጥሩወርቅ ሕፃኑን አዝላ፣ ኮርቻውን ጎረቤት አሸክማ በደብረ ወርቅ መንገድ ቀደም ብላ ወጣች። እኔና አማቴ እንስራ ተሸከምን። ግራዝማች አስረስ ያረጀ ቡትቶ ለብሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ኩሊ ከኋላዬ ይመጣሉ። ካምፑ ውስጥ ወንበሩ ተደርድሯል። ሐኪሙ ቀረበ፣ አስካሪው በፊቴ ፈልቷል ብሎ መሰከረ። ሐኪሙ ግን የመጀመሪያውን ቀን አልረሳም። ጠብታ ወሰደና መስተዋቱ ላይ አኖረ፣ ወደ ቱቦው ጎንበስ አለ። ቢያይ ባለልጆቹ ገበያ እንደወጣ ሰው ይተራመሳሉ።

ወዲያው ቀና ብሎ አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው ወደ እንስራው ተጠጋ። ሽታው ደረሰው፤ ሹክሹክታውም ደረሰው። በእኔ የተነሳ ጥፊ የቀመሰ ሰው ነው። ዓይኔን እያየ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ፈልቷል ወይ?»

«ፈልቷል» አልኩ።

ለሐኪሙ በቋንቋው ነገረው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሐኪሙ ግን መስተዋቱን በጨርቅ ጠረገና ዋንጫውን አነሳ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ዘፈኑም ያው፣ ምሰሶውም ያው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ካምፑ ተዘረረ። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። ብርድ እንዳይመታው ጋቢዬን ጣል አደረግሁበት። አማቴ በዓይናቸው ገደሉኝ። በዚህኛው ጊዜ ድንጋይ ላይ አልተቀመጥኩም። ወደ በቅሎዋ ስሄድ አስተርጓሚው ቀድሞ ፈትቷታል፤ ገመዷን በእጄ አኖረና አብሮን በሩን አለፈ። የሌሎቹንም በቅሎዎች ገመድ በጥሶ ስለነበር ከኋላችን የገበያ ያህል ኮቴ ተከተለን። እሱም ወደ ኋላ አልዞረም።

ከከተማው ርቀን ዳገቱ ላይ ከጥሩወርቅ ጋር ተገናኘን። አማቴ በቅሎዋን በእጃቸው ዳሰሷት፣ ኮርቻውን ራሳቸው ጫኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንስራውን አይቶ ይህ ሰው ምን አለህ?»

«‹ፈልቷል ወይ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹ፈልቷል› አልኩት።»

ግራዝማች አንገታቸውን አቀርቅረው አሰቡ። «በእሳት ፈልቷል» አሉ። ቆይተው «በአምቡላም ፈልቷል» አሉ። ሰሙን አገላብጠው አዩት፣ ወርቁን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እንደ ቅኔ ቤቱ፣ ድምፃቸውን ሳብ አድርገው፣

«ይበል» አሉ።

ቅኔ ቤት ሳለሁ ያችን ቃል ስንት ሌሊት ስመኛት አድሬያለሁ። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ በጢሱ ላመካኝ ስል እሳት በአቅራቢያው አልነበረም። ጥሩወርቅ አየችኝና ፈገግ አለች፤ አስተርጓሚው ሳቀ፣ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ልጃችን ክርስትና የተነሳው ደብረ ወርቅ ነው፣ ማንም ባልቀቀለው ጠጅ። ያን ዕለት ግን አማቴ በቅሏቸው ላይ ወጡ፣ ሕፃኑን ተቀብለው ፊታቸው አስቀመጡ፣ እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩ። በቅሎዋን ከዚያ ወዲህ አላዋሱኝም።